የሥራ ፈት ደረጃ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ ጨዋታው ፊፋ ብቻ። ሕጉም በየሰፈሩ የታወቀው ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ መቆሚያ ይጠፋ ነበር።

ገበያው ይሙቅ ብዬ ግድግዳው ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ ለጠፍኩ። ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ከላይ ይቀመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ አንድ ሊስትሮ፣ አንደኛ የነበረውን የሆጤ ሰፈር ልጅ 3 ለ 0 ረታው። ከዚያ ስሙን ቢፈልግ 19ኛ ላይ አገኘው። ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ የሥራ ፈት ደረጃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ ሲጫወት የሚውል ሰው ግማሹን ቢሸነፍ እንኳ በድል ብዛት ይበልጠዋል።

ቼዝ እወዳለሁና የአርፓድ ኢሎን የደረጃ ስሌት አመጣሁ። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ያስተምር የነበረ የፊዚክስ መምህር የቀመረው ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል፣ ሰው ከሰው የሚያጋጥሙ ብዙ የቪዲዮ ጨዋታዎችም እርሱን ወይም ከእርሱ የተወለዱ ስሌቶችን ይጠቀማሉ። ስንት ጊዜ አሸነፍክ አይልም፤ ማንን አሸነፍክ ነው የሚለው። ሁሉንም ከ1200 አስጀመርኳቸው። 1400 ያለው 1200 ያለውን ቢያሸንፍ 8 ነጥብ ያገኛል፤ ቢሸነፍ 24 ይነጠቃል። አቻ ቢወጡ እንኳ ከትልቁ 8 ይቀነሳል።

ሊስትሮው በወሩ ሦስተኛ ሆነ። እኔም ፍርድ ያቀናሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

የሆጤው ልጅ ግን ሒሳቡን ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። ለ8 ነጥብ ብሎ ለምን 24 ያስይዛል? ማታ ማታ ይመጣል፣ ስሙ አንደኛ ላይ መኖሩን ያያል፣ «ጣቴን አሞኛል» ብሎ ይቆማል። ሁለተኛውም ታመመ። ባለቤቱ የቀኑን ገቢ ቆጥሮ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የከፈትኩት መጫወቻ ቤት ነው ወይስ ሙዚየም?» አለኝ።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ከፍተኛ እርከን ደርሶ የሚጠፋ ተጫዋች ነጥቡ እየቀነሰ ይሄዳል። ያንን ቀዳሁ፤ ሳምንት ሙሉ ያልተጫወተ 20 ይቀነስበታል አልኩ። ገቢው ተመለሰ፣ ባለቤቱም ዝም አለ።

ሊስትሮው ለአጨዳ ተንታ ሄዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ 60 ነጥቡ የለም። 11ኛ ሆኗል። አልጮኸም፤ ግድግዳውን ትንሽ አየና፣ «ጋሼ፣ ወደ ሥራ ፈት ደረጃ መለስከው እኮ» ብሎ ወጣ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን በማግስቱ 60ውን መለስኩለት፣ ሰንጠረዡንም ቀደድኩት። የኢሎ ነጥብ ማን ከማን ይጋጠም ለማለት ብቻ ደብተሬ ውስጥ ተደበቀ። ትልልቆቹ ጨዋታዎችም ብዙዎቹ ለማጋጠም የሚጠቀሙበትን ነጥብ ሰው ከሚያየው እርከን ለይተው ይይዛሉ። ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ውጤት ብቻ ቀረ፣ እርሱም በየሰኞው ከዜሮ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ሰኞ ማታ የሆጤው ልጅ ጣቱ ድኖ መጣ።