ለዮሐንስ የሰፋሁት አደይ

«ለበዓል ድሪቶ?» አለች እማዬ፣ አልጋው ላይ የዘረጋሁትን ቁርጥራጭ ጨርቅ ስታይ። አልተቆጣችም፤ ቅር ግን ብሏታል። እኛ ዘንድ ለዮሐንስ አዲስ ይለበሳል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ድሪቶ የችግር ቀን ነው። እሷ ወገራ ውስጥ ድሪቶ ተከናንባ ያደገች ስለሆነች፣ ቃሉ ሲነሳ የዚያ አገር ብርድም አብሮ ይነሳባታል።

አልተከራከርኳትም፤ እውነቷን ነውና። የምሰፋው ነገር የድሪቶ ዘመድ ነው። በሌላ አገር ኩዊልት ይሉታል። ቁርጥራጭ ጨርቆች በልክ ተቆርጠው ሲገጣጠሙ መልክ ያለው ካሬ ይወጣቸዋል፤ ያ ካሬ ብሎክ ይባላል። ብዙ ብሎክ ይጋጠምና መሐሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር ገብቶበት፣ ከበታቹ ገበር ተደርጎለት፣ ሦስቱ ንብርብር አንድ ላይ ሲሰፋ ብርድ ልብስ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ላየ የጎንደር ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። እዚያ የመላእክቱ ፊት በረድፍ በረድፍ ተስሏል። እያንዳንዱ ብቻውን ቢታይም ይበቃል፤ አንድ ላይ ሲደረደሩ ደግሞ ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል ያዩሃል።

እኔ የፈለግሁት አንድ ብሎክ ብቻ ነበር፤ ረከቦቱ ላይ የሚደረደሩትን ስኒዎች የሚሸፍን፣ በየጎኑ 30 ሳንቲም የሆነ። ቤታችን ስኒ የሚሸፈነው እማዬ በኪሮሽ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ነው። ለአዲስ ዓመት ግን አደይ አበባ ያለበት ነገር አማረኝ። ከወለቃ አልፎ ወደ ኮሶዬ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ በመስከረም ቢጫ ሲለብስ ያየ ሰው ለምን እንደጓጓሁ ይገባዋል። አደይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብቅ ብላ፣ ዓይን ሳይጠግባት የምትሄድ አበባ ናት።

አምና መጽሐፍ ውስጥ ያደረቅኳትን አንዲት አደይ አውጥቼ ቅጠሎቿን ቆጠርኩ። ስምንት ናቸው። የብሎኩን ዓይነት የወሰነልኝ ይህ ነው። ከቀላሎቹ ብሎኮች አንዱ መሐሉ ካሬ፣ ዙሪያው ስምንት ሹል ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። መሐሉን ብርቱካናማ፣ ጫፎቹን ቢጫ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ሳደርገው አደይ በመስክ ላይ ትሆናለች። ከእውነተኛዋ አበባ ይልቅ ሹል ነው፤ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ለሚችል ሰው ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ልኩን ልንገራችሁ። ለመሐሉ 16.5 በ16.5 ሳንቲም የሆነ 1 ብርቱካናማ ካሬ። ለጫፎቹ 9 በ9 የሆኑ 8 ቢጫ ካሬዎች። ለዙሪያው 9 በ16.5 የሆኑ 4 አረንጓዴ ቁራጮች፣ ለአራቱ ማዕዘን ደግሞ 9 በ9 የሆኑ 4 አረንጓዴ ካሬዎች። በድምሩ 17 ቁራጭ ነው። በየጎኑ ለስፌት የሚገባው 0.75 ሳንቲም እዚሁ ልክ ውስጥ ተቆጥሯል።

ሥራውን የጀመርኩት ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ ሲጋመስ ነበር። ጨርቁን ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በረንዳ ላይ ከሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናቸው ሥር ካለው ከረጢት የፈለግሁትን እንድመርጥ ፈቀዱልኝ፤ እኔም ቀለሙን ብቻ እያየሁ መረጥኩ። ስህተቴም ከዚያው ይጀምራል። ቢጫው ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ፖሊስተር ነበር። የከሰል ካውያው ገና ሲያርፍበት ተኮማትሮ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከየጨርቁ ሁለት ሦስት ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና እጅ ላይ የሚደቅ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ሥራ ናት፤ ብሎክ ታድናለች።

አረንጓዴው ጥጥ ነበር፤ እሱን ደግሞ አላጠብኩትም። ቢጫ ጥጥ ፈልጌ ተክቼ፣ ሁሉን ሰፍቼ፣ ስፌቱ እንዲተኛልኝ ውሃ ረጨት አድርጌ ስተኩሰው አረንጓዴው ለቀቀና ወደ ቢጫው ገባ። አበባዬ ጠርዝ ጠርዙን የሻገተች መሰለች። ካውያውን አንስቼ ዝም ብዬ ቆሜ አየኋት።

ያም ሆኖ ከሁለቱ ይልቅ ያናደደኝ ሦስተኛው ነው። ሜትሩን ስዘረጋበት፣ የዳር ዳሩ ስፌት ገና ስላልተበላ 31.5 ሳንቲም መሆን የነበረበት ብሎክ 30.5 ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሳንቲም ምን አላት ያልኩት ጫፎቹን እስካይ ድረስ ነበር። የጎደለው ከዳር አይደለም፤ የኮከቡ ሹሎች ስፌቱ ውስጥ ገብተው ተውጠዋል። ስምንቱም ቅጠል አናት አናቱን የተቀጠፈ ይመስላል።

ይዤው ወደ በረንዳው ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገልብጠው ጀርባውን አዩት። «ስንት ነው የተውሽው ለስፌት?» አሉኝ። ሦስት ሩብ አልኳቸው። ሜትራቸውን አስጠጉና «አንድ ነው» አሉ። በዓይኔ ገምቼ ነበር የሰፋሁት፤ እጄ ደግሞ ቀሚስ ነው የለመደው። «ልጄ፣ እኔ ሰፋ አድርጌ የምተወው ሰው ይወፍራል፣ ነገ ይለቀቅልኝ ይላል ብዬ ነው። ያንቺ አበባ አይወፍርም፤ ልኩን ስጪው» አሉኝ። ከመርፌው ቀኝ 0.75 ሳንቲም ለክተው የመኪናው ብረት ላይ ቁስል የሚታሸግበት ፕላስተር እንድለጥፍ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። የጨርቁ ዳር ፕላስተሩን ተጠግቶ ከሄደ ስፌቱ አይሳሳትም። ቤት ገብቼ ሦስት ባለ 4 ሳንቲም ጥብጣብ ጎን ለጎን ሰፋሁና መሐለኛውን ለካሁ፤ ልክ 2.5 ወጣ። ያኔ ነው እጄን ያመንኩት።

እማማ፣ አያቴ፣ ይህን ሁሉ ከጥግ ሆነው ሲመለከቱ ነው የሰነበቱት። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጠሩኝና «ድሪቶ መስፋት ማን አስተማረሽ?» አሉ። ማንም አልኳቸው። «ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?» ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። በእማዬ ፊት ስለ ድሪቶ ማንሳት ይከብደኝ ነበርና።

የነገሩኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ብዙ ነው። ድሪቶ እንዳገኙት የሚለጠፍ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ወፍራሙ ወደ እግር፣ ለስላሳው ወደ ፊት ይሆናል። ብዙ ስፌት አንድ ቦታ ላይ አይገናኝም፤ እዚያ ላይ ያብጥና ቶሎ ይበላል። ማንኛውም እራፊ ከመጠጋቱ በፊት ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። የቀረውን በእጃቸው አሳዩኝ። ከጨርቁ ዳር አንዲት ክር በጥፍራቸው ያዙና ቀስ እያሉ ሳቧት፤ ጨርቁ ተጨማደደ፣ ክሯ ወጣች፣ በሄደችበት ቀጭን መስመር ቀረ። «በዚህ ቁረጪ፤ ጨርቁ ራሱ መንገዱን ይነግርሻል» አሉኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ በማስመሪያ ነበር የምቆርጠው፤ ድሩ ጠምሞ እኔ ቀጥ እያልኩ። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ እንደሚለጠጥ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛውን በጳጉሜን ጀመርኩ። አረንጓዴውን አራት ጊዜ አጠብኩት፤ በአራተኛው ውሃው ጠራ። በዚያ ዝናብ ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ ክር እየሳብኩ ቆረጥኩ።

ጫፎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ቢጫውን ካሬ በአረንጓዴው ቁራጭ አንድ ጫፍ ላይ መልክ ለመልክ፣ የሚታየውን ፊት ከሚታየው ፊት አድርጌ አስተኛዋለሁ። ካሬው ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሳሙና ስባሪ እሰምራለሁ፤ መስመሩ ከቁራጩ ወገብ ተነስቶ ወደ ታችኛው ማዕዘን መውረድ አለበት። ስሰፋ በመስመሩ ላይ ሳይሆን የአንዲት ክር ያህል ወደሚቆረጠው ወገን ፈቀቅ እላለሁ፤ ጨርቁ ሲገለበጥ እጥፋቱ ራሱ ቦታ ይወስዳልና። ከስፌቱ 0.75 ትቼ ትርፉን እቆርጣለሁ፣ ቢጫውን ገልብጬ እተኩሳለሁ፤ በሌላኛው ጫፍም ያንኑ እደግማለሁ። ሁለቱ ቢጫዎች መሐል ላይ ተነባብረው አረንጓዴውን ባለ ሦስት ማዕዘን ያደርጉታል። የእሱ ሹል ከጨርቁ ዳር 0.75 ሳንቲም ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት። ለጀማሪ ባዶ ቦታ የባከነ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ያ ቦታ ግን ከመሐሉ ካሬ ጋር ሲጋጠም ስፌቱ የሚበላው ነው፣ ሹሉም የሚተርፈው በዚያ ነው።

አራቱ ሲያልቁ ሁለቱን በብርቱካናማው ግራና ቀኝ ገጠምኳቸው። በቀሩት ሁለቱ ጫፍና ጫፍ የማዕዘን ካሬዎቹን አደረግሁ። ሦስት ረድፍ ሆኑ። ረድፎቹን ሳጋጥም የላይኛውንና የታችኛውን ረድፍ ስፌት ወደ ውጭ፣ የመሐለኛውን ወደ ውስጥ አስተኝቼ ተኮስኩ፤ እንዲህ ሲሆን መገናኛው ላይ ይያያዛሉ፣ አይንሸራተቱም። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሲንጀር የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነውና ኩራዙን አስጠግቼ ቀጠልኩ። ሲያልቅ 31.5 ሆነ። ስምንቱም ጫፍ በቦታው ነበር።

ለመሐሉ ካረጀ ጋቢ፣ ለገበሩ ነጭ አቡጀዲ ቆረጥኩ። ብሎኩንና አቡጀዲውን መልክ ለመልክ፣ ጋቢውን ከበላያቸው አድርጌ ዙሪያውን ሰፋሁና እጅ የምታስገባ ክፍት ትቼ በእሷ ገለበጥኩት። ክፍቷን በእጅ መርፌ ዘጋሁ። የኮከቡን ዙሪያ በነጭ ክር፣ በእጄ፣ ሦስቱንም ንብርብር እየወጋሁ ዞርኩበት። ይህን በመኪና ማድረግ ይቻላል፤ በእጅ የተሰፋው ግን ጨርቁን ጎርበጥ ያደርገዋል፣ ጣት ሲነካውም ደስ ይላል።

የዮሐንስ ዕለት ቄጤማው ተጎዝጉዞ እማዬ ረከቦቱን አቀረበች። ብሎኩን ስኒዎቹ ላይ አለበስኩት። እማማ አነሱት፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስምንቱን ጫፎች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ምንም ሳይሉ መለሱት። እማዬ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናው ፈልቶ እስኪወርድ ዓይኗ እየሄደ ያርፍበት ነበር። ልትቀዳ ስትል ጀበናውን መልሳ አስቀመጠችና ብሎኩን አንስታ በአራት አጠፈችው።

«ይህንን ድሪቶ ቁምሳጥን ውስጥ ክተችው፤ ቡና ይፈስበታል» አለችኝ፤ ዳንቴሉንም አምጪ አለች።