የሜዳችን ቀን

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ቡና እየጠጣን «አጎቴ፣ ያኔ ስታዲየም የወሰድከኝ ቀን ትዝ ይልሃል?» አለኝ። እንዴት ይረሳኛል! 2010 ዓ.ም. ነበር። እሱ ገና 9 ዓመቱ ነበር።

ልጁ ኳስ ይወዳል፣ ግን ያኔ የሚያውቀው በዲኤስቲቪ ቤት ብቻ ነበር። የአርሴናልንና የማንቼን ተጫዋቾች ከነማልያ ቁጥራቸው ይጠራልሃል። የጅማን በረኛ ብትጠይቀው ግን ዝም። ይሄ ነገር በጣም ይከነክነኝ ነበር፣ ምክንያቱም የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ገና ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ትልልቆቹን እያስጨነቀ ነበር። እና አንድ ቀን ምሳ እንደበላን እጁን ይዤ ወጣሁ።

የሜዳችን ቀን የሚባለው ነገር ስታዲየም በር ላይ አይደለም የሚጀምረው። ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ሌላ ነው። ባጃጆቹ ባንዲራ አስረው ክላክስ እያደረጉ ያልፋሉ፣ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒ እያቀበለችህ «ዛሬ ስንት ለስንት?» ትልሃል፣ ከአጂፕ ሰፈርም ከጅማው መርካቶም የሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ይገናኝና አንድ ላይ ይጨፍራል። ጭፈራው በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ያልቃል። ማንም አይገርመውም። ጅማ እንደዛ ናት።

በሩ ላይ ግን ግፊያው ከባድ ነበር። ልጁን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ስገፋ ስገፋ አንድ እግር ጫማው ወለቀ። ማጎንበስ አይቻልም፣ ብታጎነብስ ትረገጣለህ። «ጫማ! የልጅ ጫማ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ አንዱ አነሳውና ለፊተኛው ሰጠው፣ እሱ ደግሞ ለሌላው፣ እንዲህ እያለ ጫማዋ በሰው ጭንቅላት ላይ እየተቀባበለች መጣች። ጭቃ ነበረባት። ያቀበለኝ ሰውዬ መጀመሪያ በሱሪው ጠረገልኝ፣ ከዚያ ሰጠኝ። አላውቀውም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ገብተን ተቀመጥን። በብርጭቆ የሚሰፈር ኦቾሎኒ በደብተር ወረቀት አስጠቅልለን ገዛን። ልጁ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሒሳብ ጥያቄ ማንበብ ጀመረ። ጨዋታው ትንሽ እንደሄደ የጅማ ዝናብ መጣ፣ እንዲያው ዝም ብሎ የሚወርደው ዓይነት። ማንም አልተነሳም። ግማሹ ፌስታል ራሱ ላይ አደረገ፣ ሌላው ማልያውን አውልቆ ጨፈረ። ከጎናችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ወደ ልጁ አዘነበሉለት። የእሳቸው ትከሻ በሰበሰ።

ከዚያ ጎል ገባ። ያንን ድምፅ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ የማታውቀው ሰው አንገትህ ላይ ይጠመጠማል፣ ኦቾሎኒው ተበተነ። ልጁ ግን ግራ ገብቶት አንዴ ሜዳውን አንዴ እኔን ያያል። «ድጋሚ አያሳዩም እንዴ?» አለኝ። ወደ እኔ ዞሮ ሲያወራ ጎሉ አልፎታል ለካ። ሽማግሌው ሰሙትና «ልጄ፣ እዚህ አንዴ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይንህን አትንቀል» አሉት። እስከ መጨረሻው ፊሽካ አልነቀለም።

በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆንን። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነጥባችን እኩል ነበር፣ የለየን የጎል ክፍያ ነው። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር፣ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢም በ23 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፍነው፣ በድምር 2 ለ 1 ወደቅን እንጂ። አል አህሊን! ያሸነፈው የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ስም የያዘ ክለብ ነው!

ከዚያ ኮሮና መጣና የ2012 ውድድር ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዟዟረ መካሄድ ጀመረ። ጅማም አስተናግዳለች፣ ግን የሜዳችን ቀን የሚባለው ነገር ቀረ። በ2014 ደግሞ ወረድን። ውድድሩ በቴሌቪዥን መተላለፉ ጥሩ ነው፣ ገንዘብም ያመጣል፣ አልቃወምም። ግን አንድ ክለብ በሜዳውና በሰዉ ፊት ካልተጫወተ ልጆች እንዴት አድርገው ይወዱታል? ኦቾሎኒ የሚሸጠው ልጅስ፣ በር ላይ ቡና የምታፈላዋስ? በሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚባለው አሠራር መመለስ አለበት እላለሁ፣ ወጪው ቢከብድም፣ ቢያንስ ተራ በተራ።

ልጁ አሁን 17 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ በልጦኛል። የዚያን ቀን ውጤት ጠየቅኩት፣ አያስታውስም። ጫማዋን ግን ያስታውሳል። የሽማግሌውን ጃንጥላም፣ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በክር ታስሮ እንደነበር ሁሉ ነገረኝ። እኔ እሱን አላየሁም ነበር።

ቡናችንን ጨርሰን ስንነሳ «ትንሿ እህቴ ዘንድሮ 9 ዓመት ሞላት» አለኝ። «እሷንስ መቼ ነው የምትወስዳት?»