ፍሬን ስትረግጡ የፓርኪንግ መብራት ከበራ፣ አምፑል አትግዙ

ክላውዶ (የመኪና ዓመታዊ ምርመራ) ላይ የወደቀብኝ አሮጌ ኮሮላ ነው። ፍሬን ሲረገጥ የግራው የኋላ መብራት ደብዘዝ ይላል፣ ያልበራው ፓርኪንግም አብሮ ጭል ጭል ይላል። ፍሬቻ ሲሰጥ ደግሞ ፓርኪንጉ ከፍሬቻው እኩል ብልጭ ድርግም ይላል። መርማሪው ወረቀቱ ላይ የጻፈው «የኋላ መብራት» ብቻ ነው። ግራ ይሁን ቀኝ፣ የደበዘዘ ይሁን የጠፋ፣ የለም። ሁለት ቃል ቢጨምር ብዙ ወጪ ያድነኝ ነበርና እስካሁን ያበሳጨኛል።

ፊውዙ ደህና ነበር። አምፑሉንም ቀየርኩ፤ ባለ ሁለት ክር፣ 12 ቮልት፣ 21/5 ዋት (21ዱ ለፍሬን፣ 5ቱ ለፓርኪንግ)። የጎንና ጎን ጆሮዎቹ ከፍታቸው እኩል ስላልሆነ አልገባም ካለ አዙራችሁ ሞክሩ እንጂ አትግፉት። ለውጥ አልነበረም።

የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። አምፑሉን አውጥቼ ሶኬቱን በቴስተር ስለካ 12.4 ቮልት አሳየኝ። ሽቦው ደህና ነው ብዬ የፍሬን ፔዳሉን ስዊች ገዛሁ፤ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ። ቴስተር የሚስበው ኮረንት ከምንም ስለማይቆጠር በዛገ ግንኙነት በኩልም ሙሉ ቮልት ያነባል። የ21 ዋቱ ክር ግን ወደ 1.75 አምፒር ይፈልጋል፤ ዝገቱ ራሱን የሚያሳየው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ መብራት የሚለካው አምፑሉ ገብቶ፣ እየበራ ነው።

የወሰድኩበት ጋራዥ ደግሞ የ10 አምፒሩን ፊውዝ በ20 ቀይሮ «ሽቦው በሙሉ ይለወጥ» አለኝ። ይህን ለማንም አትፍቀዱ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ መብራት አያደምቅም። ሽቦ ከቦዲ ጋር ቢነካካ፣ ትልቁ ፊውዝ ሳይቃጠል በፊት የሽቦው ላስቲክ ሊቀልጥ ይችላል። 10ሩን መለስኩት።

ጥፋቱ ማሳው ጋ ነበር፤ ኮረንቱ ወደ ቦዲ የሚመለስበት ሽቦ። ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ይህ መመለሻ ሲዘጋ የፍሬኑ ኮረንት በ5 ዋቱ ክር ወደ ኋላ ይዞርና በፓርኪንግ መስመሩ፣ በሌሎቹ አምፑሎች አልፎ ማሳ ያገኛል። መብራቶቹ የሚቀላቀሉት ለዚህ ነው።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ በረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ አገናኘሁ፣ ሌላውን ሶኬቱ ላይ ካለው ነጭና ጥቁር ሽቦ። ሰው ፍሬን ሲረግጥልኝ 3.8 ቮልት አነበበ። ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም። ያንኑ ሽቦ በትርፍ ሽቦ ከንጹህ ብረት ጋር ሳገናኘው መብራቱ ወዲያው ቦግ አለ።

ከኋላ ኮፈኑ ግራ ጥግ፣ ከሽፋኑ ጀርባ፣ በ10 ቁልፍ የሚፈታ ቡሎን አለ። ሳነሳው ከሽቦው ቀለበት ስር አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፤ የቦዲው ቀለምም ዙሪያውን አብጦ ነበር። ቀለበቱንም ቦዲውንም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኳቸው።

መመሪያ መጽሐፉ ከአምፑል ጀምሩ ይላል። ጭራሽ ለጠፋ መብራት እስማማለሁ፤ ለደበዘዘና ለተቀላቀለ ግን ከማሳ ጀምሩ። ፍሬቻ ከወትሮው ከፈጠነ የአንድ አምፑል መቃጠል ነው፣ ወይም ኤልኢዲ ገብቶበታል።

ግራሶውን የቀባሁት ቡሎኑን ካጠበቅኩ በኋላ፣ ከላይ ነው። እንደገና ስለካው 0.05 ቮልት ሆነ።