መቼ ለካኸው?

ጋራዣችን የገባችው መኪና ፊያት 600 ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣችው የመጀመሪያዋ፣ ባለ 633 ሲሲዋ። በክሪክ ከፍ አድርገህ የፊት ጎማዋን ላይና ታች ይዘህ ስትነቀንቀው ቋ፣ ቋ ይላል። ኪንግ ፒኖቹ፣ የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞርባቸው ቋሚ ብረቶች፣ ደህና ናቸው። ያለቁት ቡሺንጎቹ፣ ፒኑ የሚያልፍባቸው አጫጭር ቱቦዎች፣ ነበሩ። የታዘዘውን ዕቃ ወራት ጠብቀን አልመጣም። ባለቤቱ መኪናዋን ከአባቱ ነው የወረሳት፤ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ዙሪያዋን ዞሮ አይቷት ምንም ሳይል ይሄዳል። አንድ ቀን አለቃችን «አንተ ቶርኖ ትሠራ የለ እንዴ? ለምን አታወጣልንም?» አለኝ፤ ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ስመኝ ነው የኖርኩት።

የሚያስፈልጉት 4 ናቸው፤ ለያንዳንዱ ጎማ ላይና ታች። አሮጌዎቹን እንደ ናሙና አልተጠቀምኩም። ያለቀ ዕቃ ለክተህ ከሠራህ የምትሠራው ያለቀ ዕቃ ነው፤ ይህን ቀድሞም አውቀው ነበር። ስለዚህ ለውስጡ ፒኑን ለካሁ፣ ለውጩ ደግሞ ቡሺንጉ የሚቀመጥበትን ቤት። ከነሐስ ነው ያወጣኋቸው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ራሱ እያለቀ ፒኑን ያድነዋል። የግራሶውን ቀዳዳ በሳሁ፣ ግራሶው የሚሄድበትንም ቦይ ውስጡ ላይ አወጣሁ። ውጩን ከቤቱ 0.05 ሚሊሜትር አተለቅሁት፣ ተጨንቆ እንዲቀመጥና እንዳይዞር። ውስጡን ከፒኑ 0.03 አሰፋሁት። ፒኑን ዘይት ቀብቼ ስለቀው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወረደ። የጋራዡን ልጆች ጠርቼ አሳየኋቸው። ደጋግሜ አሳየኋቸው።

ከዚያ በሞርሳ እየጨመቅሁ ቤታቸው አስገባኋቸው። ቀጥ ብለው ገቡ። ፒኑን አምጥቼ ስሞክር ግን አልገባም አለ። አፉ ላይ ቆመ።

አሁን ሳወራው ቀላል ነው። በግድ የገባ ቡሺንግ ውጩ ሲጨመቅ ወደየትም መሄድ አይችልም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚጠበው። ያ ያተለቅሁት 0.05 አብዛኛው ወደ ቀዳዳው መጣና የተውኩለትን 0.03 በላው። ያን ማታ ግን ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም። መሽቷል፣ አለቃችን በየ10 ደቂቃው «አለቀ?» ይላል። የብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ጠቅልዬ ቀዳዳውን አሸሁት፣ አሸሁት፣ አሸሁት። ፒኑ ገባ። ገጣጥሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት አለቃችን አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰ። «ትንሽ ትከብዳለች፣ በመንዳት ይለሰልሳል» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ያ ራስ መነቅነቅ ነው፤ ምክንያቱም እንደማይለሰልስ እጄ ያውቅ ነበር።

ጋሼ፣ የጋራዣችን አንጋፋ መካኒክ፣ ያን ጊዜ ሻይ ይዘው ቆመው ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና መኪናዋን በክሪክ አስነሱን። የመሪውን ዘንግ ከጎማው አስፈትተው ጎማውን በአንድ ጣት ገፉት። ትንሽ ሄደና ቆመ። እንደገና ገፉት። እንደገና ቆመ።

«ለክተኸዋል?» አሉኝ።

«ለክቻለሁ ጋሼ፣ በማይክሮሜትር።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ትናንት መቼ? ሳይገባ ነው ከገባ በኋላ?»

ዝም አልኩ።

«አንተ የለካኸው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነሐስ ነው። መኪናዋ ላይ ያለውን ማን ለካው?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አለቃችን ባለቤቱ ቀትር ላይ እንደሚመጣ ነገራቸው። «ይምጣ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው፣ መሪዋን ስትይዝ ጎማው እጅህ ላይ ያለ ያህል ይሰማሃል። ከመታጠፊያ ስትወጣ መሪው ራሱ ወደ ቀጥታው መመለስ አለበት። ፒኑ ከያዘው አይመለስም። አንተ ካልመለስከው እንደታጠፈ ይሄዳል። አንድ አባት ልጆቹን ጭኖ ሲነዳት ምን ሊሆን እንደሚችል ጋሼ አላብራሩልኝም። አላስፈለገኝም።

ፈትተን ስናየው የብርጭቆ ወረቀቱ የሠራው ጉድ ወጣ። አፉ ሰፍቷል፣ መሀሉ ጠቧል፣ ላይኛውና ታችኛው ደግሞ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። 4 አዲስ አወጣሁ፤ በዚህኛው ዙር ውስጡን ሆን ብዬ አጥብቤ ተውኩት። መጀመሪያ ማስገባት፣ ከዚያ ነው መክፈት። ጋሼ ከሳጥናቸው ረጅም ሪመር፣ ቀዳዳ እየላገ የሚያሰፋ ስለታም መሣሪያ፣ አወጡ፤ ላይኛውንና ታችኛውን በአንድ ጊዜ የሚያልፍ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንዲተያዩ የሚያደርግ። «ወደ አንድ ወገን ብቻ አዙር። ወደ ኋላ ካዞርከው ስለቱ ይሞታል፣ ቀዳዳውም ይቧጨራል» አሉኝ። ትንሽ ከፍተን ፒኑን እንሞክራለን፣ ትንሽ ከፍተን እንሞክራለን። ግማሽ ቀን ፈጀ። ባለቤቱ መጥቶ ቆሞ ያየን ነበር፤ ጋሼ የተበላሸውን ቡሺንግ እጁ ላይ አስቀምጠው ሁሉንም ነገሩት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኩት። ከዚያ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ፒኑን ዘይት ቀቡ፣ ለቀቁት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሲወርድ አዳመጡ። «ይሄ ነው» አሉ። «ስንት ሆነ ጋሼ?» ብላቸው «የሚበቃው» አሉኝ። መለኪያ በእጃቸው አልነኩም። ዞር ሲሉ በውስጥ መለኪያ ለካሁት፤ ክፍተቱ ላይኛው 0.02፣ ታችኛው 0.03 ነው። እንግዲህ እኔን መቼ ለካኸው ብለው የጠየቁኝ ሰው እሳቸው በጆሮ ይለካሉ። ያን ጆሮ እንዴት እንዳገኙት ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እኔ እስካሁን ሁለት ጊዜ ነው የምለካው፣ ሳይገባና ከገባ በኋላ።

ባለቤቱ ነድቷት ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። «መሪው በእጄ ውስጥ ሾልኮ ራሱ ይመለሳል! አባቴ ይነዳት እንደነበረው ነው» አለ። አለቃችን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እኛው ነን አውጥተን የገጠምነው፣ ዕቃ አንጠብቅም» አለው።

ጋሼ ሪመሩን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ቀና አላሉም።