በመዝገብ 4፣ በመደርደሪያ ባዶ

ጥር 9 ነበር፣ የከተራ ዋዜማ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የዱቄት ፋብሪካችን የስንዴ ማንሻ ሞተር መጮህ ጀመረ። ያንን ጩኸት የሰማ መካኒክ ምርመራ አያስፈልገውም። ኩሽኔታው አልቋል። ጎንደር ለጥምቀት በእንግዳ ተጨናንቃለች፣ ዳቦ ቤቶቹ ዱቄት ይጠብቃሉ።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። በጥቅምት የጥገና ሶፍትዌርና ባርኮድ ያስገባሁት እኔ ነኛ! ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። «ኩሽኔታ 6305፦ 4» ይላል።

«አለ፤ ሂድ አምጣ» አልኩት ልጁን።

ባዶ እጁን ተመለሰ። «ኢንጂነር፣ ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም።»

ራሴ ሄጄ አየሁ። ምንም የለም። አጠገቡ ያለው የ6205 ሳጥን ግን ጢም ብሏል።

ሁለቱ ቁጥሮች ወንድማማች ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ስታበዛ የውስጥ ቀዳዳቸው ይወጣል፤ የሁለቱም 25 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ላይ ሁለቱም ልክክ ይላሉ። በውጭ ግን አንደኛው 52፣ ሌላኛው 62 ነው። 6205ን በ6305 ቤት ብታስገባው የአባቱን ጫማ እንዳደረገ ሕፃን ይሆናል።

አራዳ ላሉት የመለዋወጫ ሱቆች ደወልን። አንዱ ዘግቷል፣ አንዱ አገር ቤት ሄዷል። ባሕር ዳር ሰው እንላክ ቢባል መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ እስኪደርስ እዚያም ይዘጋል። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ከእራቱ ተነስቶ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ሱቁን ከፈተልን። የነበረው በብረት የተሸፈነው፣ ዜድ ዜድ የሚባለው ነው። የዱቄት ብናኝ ባለበት ቦታ በጎማ የታሸገው 2 አርኤስ ነበር የሚሻለው፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይመርጣል? ሞተሩ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሳ።

ከበዓሉ በኋላ ምርመራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስካነሩን ነው። ቀድሞም አስቸግሮን ያውቃል። ስካነር ለኮምፒዩተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ይተይባል። አንድ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ቆይቶ ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትቶት ከሄደ በላቲን የተጻፈው የዕቃ ኮድ «ብርግ» ምናምን ሆኖ ይገባል። ሶፍትዌሩም «እንዲህ ያለ ዕቃ የለም» ይላል። ግማሽ ቀን አናድዶናል።

የዚህኛው ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ 6305 ሲወጣ 6205 ተብሎ የተመዘገበ ይመስላል። እኛ የምንጠቀመው ኮድ 128 የሚባለው ባርኮድ መጨረሻው ላይ ማረጋገጫ ምልክት አለው። ስካነሩ ያነበበውን ያሰላል፤ ሒሳቡ ካልገጠመ ዝም ይላል እንጂ 6305ን 6205 ብሎ አይፈጥርም። ታዲያ 6205 ያነበበው 6205 ስላሳዩት ነው። ማን አሳየው?

ወደ ስቶር ሄድኩ። ስቶር ኪፐራችንን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኛ ጋ የመጡት። ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ካልተፈረመ ብሎን እንኳ አይሰጡም። ጠረጴዛቸው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ወረቀት አለ። የመለዋወጫው ሁሉ ባርኮድ በላዩ ተደርድሯል። ጠርዙ ተልጧል፤ መሐሉ ላይ የቡና ስኒ ያተመው ክብ አለ።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘዴ ነዋ! ገመዷ አጭር ናት እኮ ልጄ። መደርደሪያው ድረስ አትደርስልኝም።»

እውነታቸውን ነው። የስካነሩ ገመድ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። መደርደሪያው ከጓሮ ነው። እትዬ ዕቃውን ከመደርደሪያ ይሰጣሉ፣ ተመልሰው ወረቀቷ ላይ ጢጥ ያደርጋሉ። 6205 እና 6305 ወረቀቷ ላይ ከላይና ከታች ናቸው፤ መሐላቸው የጥፍር ያህል ነው። እጅ ትንሽ ካዘነበለ አለቀ።

ገመድ አልባው ውድ ነው ብዬ ባለገመዱን የገዛሁት እኔ ነኝ። በስብሰባ ላይም «ወጪ ቀነስኩ» ብዬ አውርቻለሁ።

ዛሬ በየሸቀጡ ላይ የምናየው ዓይነት ባርኮድ መጀመሪያ ሱፐርማርኬት ውስጥ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ ዕቃው አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። እዚያ ማስቲካው ወደ ማሽኑ ይመጣል። ስቶር ውስጥ ግን ማሽኑ ነው ወደ ዕቃው መሄድ ያለበት። እኔ የሱፐርማርኬቱን አመጣሁ።

ቆጠራ አደረግን። አራት 6305 ወጥተው በ6205 ስም ተቀንሰዋል። ስለዚህ የሌለው አለ ተባለ፣ ያለው አለቀ ተባለ። ሶፍትዌሩም «6205 ግዙ» ብሎ አሥር አስገዝቶናል፤ በመዝገብ 12፣ በመደርደሪያ 16። የሞተሮቹ ታሪክ ላይም 6205 ተገጠመላቸው ይላል። ሞተሮቹ ግን 6205 በልተው አያውቁም። አራቱን የሥራ ትዕዛዝ ያጸደቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አንዱንም አላነበብኩትም፤ «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው የተጫንኩት።

ገመድ አልባ ስካነር ተገዛ። ባርኮዱ በየሳጥኑና በየመደርደሪያው ተለጠፈ፤ ሙቀትና ፀሐይ በሚያደበዝዘው ርካሽ ወረቀት ሳይሆን በሪባን በሚታተመው። የእያንዳንዱን ሞተር መለዋወጫ ዝርዝር ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባን፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዕቃ ሲመጣ አሁን ይጠይቃል። አርብ አርብ ደግሞ እኔና እትዬ ጥቂት ሳጥን መርጠን በእጃችን እንቆጥራለን።

ወረቀቷ አልተጣለችም። እትዬ ገልብጠው የዕቁብ ዕጣ ተራ ጽፈውባታል። እኔ ዘጠነኛ ነኝ።