ድንች ድንች ያለው ቡና

ሩዋንዳ ለሥራ የሄድኩት በ2011 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ። ቡና ቀማሽ ነኝ። ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ገና ስደርስ የእናቴን ድርቆሽ የያዝኩበትን ፌስታል ተቀማሁ። እዚያ አገር ፌስታል ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። ድርቆሹን በሹራቤ ጠቅልዬ ገባሁ።

የተመደብኩት ደቡብ፣ ሁዬ አካባቢ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። ድሮ የሩዋንዳ ገበሬ እሸቱን በየቤቱ እንደነገሩ ፈልፍሎ፣ አጥቦ፣ በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ1989 የዓለም ዋጋ ወደቀ፤ በ1994 ደግሞ ያ እልቂት መጣ። ማጠቢያዎቹ የተስፋፉት ከ2000 በኋላ ነው። እዚያው ሁዬ ያለው የማራባ ገበሬዎች ቡና በ2003 የእንግሊዝ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ወጣ። «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የሚባለው የምርጥ ቡና ውድድርም አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተካሄደው ሩዋንዳ ነው፣ በ2008። ቡና የኛ ነው እያለ ለሄደ ሰው ይሄ ትንሽ ይቆረቁራል።

ገና በሳምንቴ ዓይኔ ለቃሚዎቹ ላይ አረፈ። ቡናው ታጥቦ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ጥላ ሥር ባለ የወንፊት አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው ፍሬ በፍሬ ያያሉ። ባሏ የተገደለባትም፣ ባሏ ገድሏል ተብሎ የታሰረባትም አንድ አልጋ ላይ ይለቅማሉ። የትኛዋ የቷ እንደሆነች አልጠየቅኩም። አይጠየቅም።

«ሲደርቅ ደግሞ ይለቀም የለ? ይሄ ሁሉ ሰዓት ምን ያደርጋል?» አልኩና ለቀማውን በግማሽ አስቀነስኩ። ሥራ አስኪያጁ የቀን ሒሳቡ ሲቀልለት ደስ አለው። አንዲት እናት ብቻ እጃቸውን አራግፈው «ኢቢራዪ» አሉ። አስተርጓሚው «ድንች ነው የሚሉት» አለኝ። የምሳ ወሬ መስሎኝ አለፍኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ናሙናው ለቅምሻ ቀረበ። አምስት ሲኒ። ሁለቱ ግሩም ናቸው፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሉ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ስል አፍንጫዬን አንድ ነገር መታኝ። አሁን የተላጠ ጥሬ ድንች! ገዢውም ያንኑ አገኘ። 320 ጆንያ፣ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር፣ በተራ ቡና ዋጋ ሄደ።

«ኢቢራዪ» ያሉት እናት ጋ ሄድኩ። ከእርጥቡ ቡና አንድ እፍኝ ዘግነው ለብርሃን አሳዩኝ። አንዷ ፍሬ ላይ፣ ከስስ ሽፋኑ ሥር፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። አንቴስቲያ የሚሉት ተባይ እሸቱን የወጋበት ነው። የድንቹ ጣጣ የሚከተለው ይህን ነው። ሽፋኑ እርጥብ እያለ ያሳያል፤ ሲደርቅ ነጥቶ ይደብቃታል። ለቀማ ሁሉንም አያወጣም፣ ግን ያለሱ ተስፋ የለም። እኔ ደግሞ የቆረጥኩት እሱኑ ነው። ያተረፍኩትን የቀን ክፍያና በኮንቴይነሩ የከሰርነውን ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ምንም ሳይናገር፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

በማግስቱ ሰዓታቸው ተመለሰ። እኔም አንድ ጠዋት አልጋው ጋ ቆሜ ለቀምኩ። ጨረስኩ ብዬ ቀና ስል እኚያ እናት የኔን ድርሻ ደግመው አዩት። ሰባት ፍሬ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።