ቩልቸር ከመግዛታችሁ በፊት፦ የሺልድ ኃይል አደላደል

ኤሊት ዴንጀረስ በሚባለው የጠፈር መርከብ ጨዋታ ላይ ቩልቸር የምትባለውን መርከብ ለመግዛት ክሬዲት (የጨዋታውን ገንዘብ) የምታጠራቅሙ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

መርከቧ ጥሩ ናት፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ወደ 5 ሚሊዮን ክሬዲት አውጥታችሁ ሁለት ትልልቅ መሣሪያ የምትሸከም፣ ዞር ብላ ጠላት ጀርባ የምትገባ ተዋጊ ታገኛላችሁ። አበሳዋ ኃይል የሚያመነጨው ፓወር ፕላንቷ ነው። ምርጡን፣ 4ኤ የሚባለውን ብታስገቡላት እንኳ የሚሰጣችሁ 15.6 ሜጋዋት ብቻ ነው። ሌዘሩም፣ መርከቧን ከጥይት የሚጋርዳት ሺልዱም፣ ሞተሩም እሷኑ ይሻማሉ።

ዕቃ መግጠሙን በአጭሩ ልለፈው። ሺልድ ጄነሬተር ባይዊቭ የሚባለውን ዓይነት ግዙ፤ ከመደበኛው ያነሰ ጉዳት ቢችልም ቶሎ ይሞላል። ቡስተር ከሁለት በላይ አትደርድሩ። ቡስተር የሺልዱን መጠን ያሳድጋል እንጂ የሚሞላበትን ፍጥነት አይጨምርም፤ በደረደራችሁ ቁጥር የወደቀው ሺልድ እስኪመለስ የምትጠብቁት ይረዝማል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው የሚያየው አንድ የቪዲዮ መመሪያ የሞጁሎችን (የተገጠሙትን ዕቃዎች) የኃይል ቅድሚያ ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ እንዲህ አድርጉ ይላል፦ መሣሪያና ሞተር 1፣ ሺልድ ጄነሬተር 3። ምክንያትም አለው። ፓወር ፕላንታችሁ ተመትቶ ኃይሉ ሲወርድ ሺልዳችሁ ቀድሞ ወድቋል፤ የቀረውን ለመሸሽና ለመተኮስ ማዋል ይሻላል። እስከዚህ ልክ ነው። ሰውየው ያልተናገረው ግን የእሱ ፓወር ፕላንት በ2016 ወደ ጨዋታው በገቡት ኢንጂነሮች (ዕቃ የሚያሻሽሉ ገጸ ባሕርያት) ጉልበቱ የተጨመረለት መሆኑን ነው። እሱ መሣሪያውን ሲዘረጋም ፍጆታው ከ100 በመቶ አያልፍም። የእኔ ያልፋል።

መሣሪያ ታጥፎ ሳለ ኃይል አይወስድም። ስለዚህ ከጣቢያው ስወጣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነበር። ፖሊስ ወደማይደርስበት የማዕድን ቀጠና ገብቼ ስሸቀል ቆየሁና አናኮንዳ የሚባል አንድ ትልቅ የጠላት መርከብ አገኘሁ። ሺልዴን የሚያሳዩት ሦስቱም ሰማያዊ ቀለበቶች ሙሉ ነበሩ። መሣሪያ ዘረጋሁ፤ ቀለበቶቹ ጠፉ። አናኮንዳው ገና አንድም አልተኮሰም! ፍጆታው ከአቅም በላይ ሲሆን መርከቧ ከታች ጀምራ ታጠፋለች፤ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 4፣ ከዚያ 3። 3 ላይ የተቀመጠው ደግሞ ሺልዴ ነው። መሣሪያውን መልሼ አጠፍኩ፣ ጄነሬተሩ በራ፤ ግን ጠፍቶ የበራ ሺልድ ወዲያው አይነሳም፣ ግማሽ ያህል እስኪሞላ ይጠበቃል። አናኮንዳ ደግሞ አይጠብቅም።

ኢንሹራንሱ የመርከቧ ዋጋ 5 በመቶ ነው፤ እሱስ ይከፈላል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያልመነዘርኩት የባውንቲ ቫውቸር (ወንጀለኛ መርከብ በመምታት የሚገኝ ሽልማት) ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። «ይህ አደላደል ጉልበት ለተጨመረለት ፓወር ፕላንት ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ነበረበት? ሌላውን የሚያስተምር ሰው ከምን ተነስቶ እንደሚናገር መናገር አለበት።

ኢንጂነር ያልነካው ፓወር ፕላንት ካላችሁ የእኔን ውሰዱ፦ ሺልድ ጄነሬተር፣ ሞተርና ዲስትሪቢዩተር (ኃይል አከፋፋዩ) 1፤ መሣሪያና ቡስተር 2፤ ኤፍኤስዲ (ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያዘልለው ሞተር) 4፤ የጭነት በሩ 5። መብራት ሲያንስ በፈረቃ እንደሚጠፋው፣ ማን ቀድሞ ይጨልም የሚለውን እናንተ ወስኑ። ኤፍኤስዲን 4 ማድረጌን ብዙዎች ይቃወማሉ፤ ለማምለጥ 1 ላይ ይሁን ይላሉ። አልስማማም። መሣሪያ ተዘርግቶ ሳለ ኤፍኤስዲ ቻርጅ አያደርግም፤ ታዲያ በዚያን ሰዓት ኃይል የሚበላው ለምንድን ነው? ሲታጠፍ እንደገና እስኪነሳ የሚወስዳትን ጥቂት ሴኮንድ እታገሣለሁ።

ፒፕን (ኃይሉን ለሲስ ማለትም ለሺልድ፣ ለሞተርና ለዌፕ ማለትም ለመሣሪያ የምታካፍሉበትን ነጥብ) በተመለከተ፣ ያላችሁ 6 ነው፤ አንዱ ክፍል ከ4 በላይ አይቀበልም። ሲስ ላይ 4 ስታደርጉ ከሚመጣው 100 ጉዳት ሺልዱ ላይ የሚያርፈው 40 ያህሉ ነው። ይህ የሚሠራው በፒፑ እንጂ በካፓሲተሩ (በክፍሉ የኃይል ማጠራቀሚያ) መሙላት አይደለም፤ ካፓሲተሩ ባዶም ቢሆን ጥበቃው አለ። ስለዚህ «ስትዋጉ ዌፕ ላይ 4 ተክላችሁ እርሱት» የሚለውን ምክር አትስሙ። ጠላት አፍንጫውን ወደ እናንተ ሲያዞር ሲስ፣ ጀርባውን ሲሰጥ ዌፕ። ጣት እስኪለምደው ያደክማል፤ ከለመደ በኋላ ግን ያው ሺልድ ሌላ ሺልድ ይሆናል።

የሺልድ ሴል (ሺልዱን በውጊያ መሀል የሚሞላ ዕቃ) ከገጠማችሁ ደግሞ ሁለት ቀለበት ሲቀር ተኩሱ እንጂ አንድ እስኪቀር አትጠብቁ፤ ሥራ እስኪጀምር 5 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል፣ ሙቀቱም ከባድ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ሂት ሲንክ አብሮ ይለቀቅ። ከጣቢያው ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሞጁል ገጹን ከፍታችሁ መሣሪያ ሲዘረጋ የሚሆነውን ቁጥር እዩ። ከ100 ካለፈ 1 እና 2 ላይ ያሉት ብቻቸውን ከአቅም በታች መሆናቸውን ሳታረጋግጡ አትነሱ።